አማካዩ የሚሸሽገው ክፍል
የተማሪና የመምህር ጥምርታ በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ታሪክ

መግቢያ

ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በሚወጡ ዓመታዊ ዘገባዎች ውስጥ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ አኀዝ አለ። እርሱም የተማሪና የመምህር ጥምርታ የሚባለው ነው። አኀዙ የሚገኝበት መንገድ ቀላል ነው፤ በትምህርት ቤቶች የተመዘገቡት ተማሪዎች ቁጥር በሥራ ላይ ላሉት መምህራን ቁጥር ይካፈላል። ውጤቱ ከፍ ሲል የትምህርት ጥራት እንደ ወደቀ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ እንደ ተሻሻለ አድርጎ መውሰድ የተለመደ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አወሳሰድ በታሪክ ሚዛን ሲመዘን ምን ያህል እንደሚጸና መመርመር ነው።

ጽሑፉ የሚያቀርበው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጥምርታው ብቻውን ቆሞ የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። በአገራችን ታሪክ ጥምርታው ጎልቶ ዝቅ ካለባቸው ጊዜያት አንዱ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ የራቁበት ዘመን ነበር፤ ጎልቶ ከፍ ካለባቸው ጊዜያት አንዱ ደግሞ እስከዚያ ድረስ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው የማያውቁ ሕፃናት በብዛት የገቡበት ነበር። በሁለቱም ጊዜ አማካዩ አኀዝ የሸሸገው አንድ ቦታ አለ። ይኸውም ትምህርት የሚጀመርበት አንደኛ ክፍል ነው።

በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው። የአውሮፓ አቈጣጠር በሚሆንበት ጊዜ እ.ኤ.አ. ተብሎ ይመለከታል።

፩. ክፍል ያልነበረበት ትምህርት ቤት

የክፍል መጠን ጥያቄ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጋር የመጣ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ የኖረው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዛሬ በምንረዳው ትርጉም «ክፍል» አልነበረውም። የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ተቀምጠው ሲያስተምሩ በዙሪያቸው ያሉት ልጆች በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ትምህርት አይማሩም። አንዱ ፊደል ሲቈጥር ሌላው ንባብ ይለማመዳል፤ ከፍ ያለውም ዳዊት ይደግማል። እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ፍጥነት ይጓዛል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው ዓመቱ ስላለቀ ሳይሆን የያዘውን ትምህርት ስላወቀ ነው።

የተማሪው ቁጥር በበዛ ጊዜ ሥራው በሌላ መንገድ ይከፋፈላል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል፤ የኔታም የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ በየተራ ሰምተው ያርማሉ። በቁርኣን ትምህርት ቤቶችም የነበረው ሥርዓት በዚህ ረገድ ተመሳሳይ ነው። ልጁ በእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ካጠና በኋላ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ለብቻው ያነባል። በሁለቱም ዘንድ የአንድ መምህር ድርሻ የሚለካው በዙሪያው በተቀመጡት ልጆች ብዛት ብቻ አልነበረም። ዋናው መለኪያ መምህሩ በቀን ውስጥ የስንቱን ልጅ ድምፅ ለብቻው ለመስማት ይችላል የሚለው ነበር።

ይህን ስንል ያለፈውን ዘመን ከመጠን በላይ ለማወደስ አይደለም። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የደረሱት ለጥቂቶች፣ በተለይም ለወንዶች ልጆች ነው፤ ትምህርቱም በአመዛኙ በቃል ጥናት ላይ የተመሠረተ ነበር። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ያስተምሩናል። የመምህርና የተማሪ ግንኙነት መሠረቱ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ለይቶ መስማቱ ነው። የሚከተለው ታሪክ ይህ መሠረት በዘመናዊው ክፍል ውስጥ እንዴት እየጠበበ እንደ ሄደ የሚያሳይ ነው።

፪. ዘመናዊው ክፍልና የመምህራን እጥረት

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው ከግብፅ በመጡ የኮፕት መምህራን ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በዚያን ዘመን የተማሪዎቹ ቁጥር በአገር ደረጃ ሲታይ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ የክፍል መጣበብ ዐቢይ ጥያቄ አልነበረም። ዐቢዩ ጥያቄ መምህር ከየት ይገኛል የሚለው ነበር። መምህሩ ከውጭ አገር የሚመጣ፣ በውጭ ቋንቋ የሚያስተምርና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለ ነበረ ትምህርት ቤቶቹን ከዋናው ከተማ አልፎ ማስፋፋት አዳጋች ሆነ።

የፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ይህን ጥቂት ጅምር ሰበረው። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ ወይም ለሌላ አገልግሎት ዋሉ፤ ወደፊት መምህርና የመምህር አሠልጣኝ ሊሆኑ ይችሉ ከነበሩት የተማሩ ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ትምህርት ቤት መክፈት ማለት ከሕንፃው ይልቅ የሚያስተምር ሰው መፈለግ ማለት ሆነ። ስለዚህ ራሳቸው ከአንደኛ ደረጃ እምብዛም ያላለፉ ወጣቶች ታናናሾቻቸውን እንዲያስተምሩ ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ1944 በአዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ ሥራ የተጀመረው ይህን ችግር ለመቋቋም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው አዋጅ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ገንዘቡም በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተወሰነ። ይህ ውሳኔ በየአካባቢው ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ አግዟል። ሆኖም በዚሁ ጊዜ ጎልቶ መታየት የጀመረ አንድ አለመመጣጠን ነበር። የአንድ አካባቢ ሕዝብ ገንዘብና ጉልበት አዋጥቶ በአንድ በጋ የትምህርት ቤት ሕንፃ ሊያቆም ይችላል፤ መምህርን ግን በአንድ በጋ ሊያወጣ አይችልም። ለመምህሩ ራሱ የተማረበት ብዙ ዓመት፣ የሠለጠነበት ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ በየወሩ የማይቋረጥ ደመወዝ ያስፈልገዋል። ከዚያ ወዲህ በተከታተሉት የትምህርት መስፋፋት ዘመናት ሁሉ ሕንፃው ቀድሞ መምህሩ ወደ ኋላ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው።

፫. የአዲስ አበባው ጉባኤና የትምህርት ዘርፍ ጥናት

በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት አማካይነት በአዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ ትምህርት መስፋፋት መከሩ። ጉባኤው እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም የሚዳረስ፣ ነፃና ግዴታ እንዲሆን ግብ አወጣ። የጉባኤው አስተናጋጅ የነበረችው ኢትዮጵያ በትምህርት ተሳትፎ ረገድ ከአህጉሩ አገሮች መካከል ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ትገኝ ነበር። ይህም በመንግሥቱ ላይ ከባድ ግፊት አሳደረ።

በተከታዮቹ ዓመታት የመምህራንን እጥረት ለማቃለል ልዩ ልዩ እርምጃዎች ተወሰዱ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት በመቶዎች እየሆኑ መጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች የአንድ ዓመት ብሔራዊ አገልግሎት እንዲሰጡ ተደረገ። ሁለቱም በአመዛኙ የረዱት ከአንደኛ ደረጃ በላይ ያሉትን ክፍሎች ነው። ፊደል የሚያስቈጥረው የመጀመሪያው ክፍል መምህር አሁንም ያው በጥቂት ሥልጠና የተመደበው ሰው ሆኖ ቀረ።

በ1964 ዓ.ም. የተካሄደውና በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለችግሩ ሰፋ ያለ መፍትሔ አቀረበ። ጥናቱ ሕፃናት ሁሉ ቢያንስ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኙ፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን በአገሪቱ አቅም እንዲወሰን የሚያመለክት ነበር። ጥናቱ በመምህራንና በወላጆች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ተቃዋሚዎቹ የድሀው ልጅ በአራት ዓመት ትምህርት ተወስኖ እንዲቀር የሚያደርግ ነው አሉ፤ መምህራኑ የደመወዝና የአስተዳደር ጥያቄያቸውንም ጨምረው በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። ጥናቱ በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ ተቃውሞውም ለአብዮቱ መፈንዳት ምክንያት ከሆኑት ክሥተቶች አንዱ ሆነ።

ከዚህ ክርክር ሥር ያለውን ስሌት ማስተዋል ይጠቅማል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚወጣው መደበኛ ወጪ በአብዛኛው የመምህራን ደመወዝ ነው። እንግዲህ ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ የመምህሩ ደመወዝ በፊቱ ለተቀመጡት ልጆች ሲካፈል የሚገኘው ነው ማለት ይቻላል። ትምህርትን በተወሰነ በጀት ለብዙዎች ለማዳረስ የሚሻ መንግሥት ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል፤ ወይ በደመወዙ ይጨክናል፣ ወይ የትምህርቱን ዘመን ያሳጥራል፣ ወይ በአንድ መምህር ፊት የሚቀመጡትን ልጆች ያበዛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወዲያው ድምፅ የሚያሰማ ተቃዋሚ እንደሚያስነሡ የ1966 ዓ.ም. ታሪክ አሳየ። ሦስተኛው ግን ሸክሙ የሚያርፈው ለራሱ ሊናገር በማይችል የሰባት ዓመት ልጅ ላይ ስለ ሆነ ተቃውሞው ዝግ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታት በተግባር የያዙት መንገድ ይህ ሦስተኛው ነበር።

፬. ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ የሕንፃው እድገትና የክፍሉ መጣበብ

ከአብዮቱ በኋላ የመጀመሪያው ትልቅ እንቅስቃሴ በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነበር። 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ ትምህርቱም በጊዜ ሂደት በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ጀመር። የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ለብዙ ሚሊዮን ጎልማሶች ፊደል በማስቈጠሩ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸልሟል። ፊደል የለየው ወላጅ ልጁን ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት መላክ መፈለጉም የሚጠበቅ ነበር።

የቁጥሩ እድገት ፈጣን ነበር። በ1967 ዓ.ም. 3,196 የነበሩት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ1978 ዓ.ም. ወደ 7,900 ደረሱ፤ የተማሪዎቹም ቁጥር ከ957,000 ያህል ወደ 2,450,000 ያህል ከፍ አለ። እነዚህን አኀዞች እርስ በርስ ስናካፍል የምናገኘው ውጤት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በ1967 ዓ.ም. በአማካይ ለአንድ ትምህርት ቤት 300 ያህል ተማሪ ይደርሰው ነበር፤ ከ11 ዓመት በኋላም የደረሰው 310 ያህል ነው። በሕንፃ ብዛት ብቻ ከተመለከትነው የትምህርት ቤቱ መስፋፋት ከተማሪው ቁጥር እድገት ጋር እኩል ተራምዷል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መምህሩ እኩል አልተራመደም። በ1972 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ መምህር በአማካይ ከ60 በላይ ተማሪዎች ነበሩት። ክፍተቱን ለመሙላት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ለአንድ ዓመት እየሠለጠኑ ተመደቡ፤ በብዙ ትምህርት ቤቶችም ትምህርቱ በፈረቃ ሆነ። ፈረቃ ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ አንዱን ክፍል በቀን ሁለት ጊዜ በመጠቀም ሌላ ሕንፃ ሳይሠራ ብዙ ልጅ ለመቀበል ያስችላል። ነገር ግን ሁለት መዘዞች አሉት። አንደኛ፣ ልጁ በትምህርት ቤት የሚቆይበትን ሰዓት ያሳጥራል። ሁለተኛ፣ አንዱ መምህር ጠዋትም ከሰዓት በኋላም በሚያስተምርበት ቦታ በክፍሉ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚታዩት ልጆች 60 ቢሆኑ እንኳ ደብተር የሚያርምላቸው 120 ይሆናሉ።

የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የአጠቃላይ ትምህርቱን ሥርዓት የገመገመበት ሰፊ ጥናት ሲያካሂድ መነሻው ከመስፋፋቱ ጎን የጥራት መውደቅ አሳሳቢ መሆኑ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ግን የጥናቱን ምክር በሥራ ለማዋል የሚያመቹ አልነበሩም። ድርቁ፣ መንደር ምሥረታው፣ የወጣቶች ለውትድርና መታፈስና የርስ በርሱ ጦርነት መማር ማስተማሩን አናጉት። በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፤ የተመዘገበው ተማሪ ቁጥርም አሽቈለቈለ።

ከዚህ በኋላ የጥምርታው አኀዝ ምን እንደሚል እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1990 ጥምርታው ከ40 በታች ወርዶ ነበር። የአገሩን ታሪክ የማያውቅ አንድ ተመልካች የ1972ቱን አኀዝ ከዚህ ጋር ቢያነጻጽር በ10 ዓመት ውስጥ ታላቅ መሻሻል ተገኘ ብሎ ይደመድማል። እውነቱ ግን ለውጡ የመጣው ከአካፋዩ ብቻ ሳይሆን ከተካፋዩም ነው፤ በዘመኑ መጨረሻ መምህራኑ በሥራ ገበታቸው ላይ ሲቆዩ ብዙ ልጆች ቀሩ። ጥምርታው ዝቅ ያለው በከፊል ወንበሩ ባዶ በመሆኑ ነበር።

፭. ከ1986 ዓ.ም. በኋላ፦ ከ33 ወደ 66

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን የ8 ዓመት ትምህርት አድርጎ በሁለት እርከን ከፈለው፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርንም መሠረት አደረገ። እስከ አሥረኛ ክፍል ያለው ትምህርትም ከክፍያ ነፃ ሆነ። በ1990 ዓ.ም. የመጀመሪያው የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር ሥራ ላይ ዋለ። ለአንደኛ ደረጃ የተወሰነው መለኪያ ለአንድ መምህር 50 ተማሪ፣ ለአንድ የመማሪያ ክፍልም 50 ተማሪ የሚል ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ 26 በመቶ ያህል ሲሆን የተማሪና የመምህር ጥምርታ 33 ነበር። በ1997 ዓ.ም. ተሳትፎው ወደ 80 በመቶ ሲቃረብ ጥምርታው በእጥፍ አድጎ 66 ደረሰ። በዚያው ዓመት ለአንድ የመማሪያ ክፍል የደረሰው ተማሪ በአማካይ 69 ነበር። በ10 ዓመት ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ሕፃናት፣ ከእነርሱም መካከል ከዚህ ቀደም ከቤት ያልወጡ የገጠር ሴቶች ልጆች፣ ወደ ትምህርት ቤት ገቡ። አኀዙ ብቻ ሲታይ ጥራት በግማሽ ወደቀ ያሰኛል፤ ታሪኩ ሲታይ ግን ከዚያ በፊት ከሕፃናቱ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ጥምርታቸው የሚሰላበት መምህር አልነበራቸውም። ከ1ኛ ክፍል ውጭ የቀረ ልጅ በማንኛውም አማካይ ውስጥ አይቈጠርም።

ከ1997 ዓ.ም. በኋላ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች በመስፋፋታቸው ጥምርታው ደረጃ በደረጃ ቀነሰ። በ2002 ዓ.ም. 51 ሆነ፤ በተከታዮቹም ዓመታት ከ50 በታች ወረደ። ይህ ከ1983ቱ ቅነሳ የተለየ ነው፤ ተማሪው እየበዛ ጥምርታው የቀነሰው መምህሩ ከተማሪው በፈጠነ መጠን በመጨመሩ ነው። ለዚህ ውጤት የደከሙት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገር ግን በዚያው በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደ የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ሌላ ነገር አሳየ። ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ስለ ምንባቡ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። መለኪያው ወደ ተወሰነለት 50 በተቃረበበት ዓመት፣ ለሁለት ዓመት ትምህርት ቤት የተመላለሰ ልጅ ፊደል ሳይለይ መገኘቱ ማብራሪያ ይጠይቃል። የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ሥልጠና፣ የልጁ ጤንነትና የቤቱ ሁኔታ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከዚህ በታች የምንመለከተው ከእነዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበትን አንድ ምክንያት ነው።

፮. አማካዩ እንዴት ይሸሽጋል?

ለምሳሌ ያህል ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር፣ 800 ተማሪዎችና 20 መምህራን ያሉት አንድ ትምህርት ቤት እናስብ። የትምህርት ቤቱ ጥምርታ 40 ነው፤ ይህም ከመለኪያው በታች ስለ ሆነ በዘገባ ላይ ደኅና ተብሎ ይመዘገባል። አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎች 200 ናቸው፤ በዚህ እርከን ትምህርቱ በየዓይነቱ በተለያዩ መምህራን ስለሚሰጥ 10 መምህራን ተመድበዋል። ስለዚህ የላይኛው እርከን ጥምርታ 20 ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉት 600 ተማሪዎች ደግሞ 10 መምህራን አሏቸው፤ ጥምርታቸው 60 ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ 240ው የ1ኛ ክፍል ልጆች ሲሆኑ የሚያስተምሯቸው ሦስት መምህራን ናቸው። እንግዲህ 40 የተባለው አማካይ አንደኛ ክፍል ሲደርስ 80 ሆነ።

ይህ ምሳሌ ለማስረጃነት የተፈጠረ ቢሆንም የአቀማመጡ መልክ በአገራችን እንግዳ አይደለም። የታችኛው ክፍል ሰፊ፣ የላይኛው ጠባብ የሆነው ብዙ ልጆች በመንገድ ላይ ስለሚቀሩ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ከሚመዘገቡት ልጆች ከአራቱ አንዱ ያህል በዓመቱ ውስጥ ያቋርጥ ነበር። የላይኛው ክፍል ምቾት የተገኘው በከፊል በታችኛው ክፍል ኪሣራ ነው። በዚህም ላይ ልምድ ያለውን መምህር ወደ ላይኛው ክፍል መመደብ፣ አዲሱን ወደ አንደኛ ክፍል መላክ በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ ነው።

በ80 ልጆች ፊት የቆመ መምህር ምን ሊሠራ ይችላል? በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሌላ ምንም ሳይሠራ እያንዳንዱን ልጅ በየተራ ቢያስነብብ ለአንዱ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ነው። ለአንድ ደብተር ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ የ80ውን ደብተር ለማረም 160 ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ ከአምስት ሰዓት በላይ። ስለዚህ መምህሩ የሚቻለውን ብቻ ያደርጋል። ሁሉንም በአንድ ድምፅ ያስብላል፤ ከሰሌዳ ያስገለብጣል፤ ከፊት የተቀመጡትን ይጠይቃል። በኋላ ወንበር ያለው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አብሮ ሲል የሚያነብብ ይመስላል። ለብቻው ሲጠየቅ ግን ፊደሉን አይለይም። መምህሩ ለብቻው የጠየቀው ቀን ስላልነበረ ይህን ያወቀ ሰው የለም።

በዚህ ነጥብ ላይ ከውጭ አገር የሚመጡ ጥናቶችን በጥንቃቄ መመልከት ያስፈልጋል። በአሜሪካ በቴነሲ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1989 በተካሄደው ታዋቂ ሙከራ ከ13 እስከ 17 ልጆች ያሉባቸው ክፍሎች ከ22 እስከ 25 ካሉባቸው ጋር ተነጻጽረው፣ በትንንሾቹ ክፍሎች የተማሩት፣ በተለይም የድሀ ቤተሰብ ልጆች፣ የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ያም ሆኖ በዚያ አገር የክፍል መጠን መቀነስ ከወጪው አንጻር ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ክርክር ገና አልተቋጨም። ይህን ክርክር ጠቅሰው «የክፍል መጠን ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም» የሚሉ አሉ። እነርሱ «ትልቅ» የሚሉት ክፍል ግን የእኛን የአንደኛ ክፍል ሲሶ እንኳ የማይሞላበት ጊዜ አለ። ከ25 ወደ 15 ስለ መውረድ የተገኘ ግኝት ከ80 ወደ 50 ስለ መውረድ ፍርድ ሊሰጥ አይችልም።

ይልቅ የሚጠቅመን ከመለኪያው አወሳሰን የሚገኘው ትምህርት ነው። ጃፓን ከጦርነቱ በኋላ በተጣበቡ ክፍሎች ስትቸገር እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣችው ሕግ የአንድ ክፍል ተማሪ ከ50 እንዳይበልጥ ወሰነች፤ ይህንም ወደ 45፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ 40 ዝቅ አደረገች። የሕጉ ኃይል በአኀዙ ማነስ ላይ ብቻ አይደለም። ወሰኑ የሚሠራው በአገር አማካይ ላይ ሳይሆን በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በእያንዳንዱ የክፍል ደረጃ ላይ ነው። ቁጥሩ ከወሰኑ ባለፈ ጊዜ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ የመምህራኑም ብዛት በዚያው መሠረት ይሰላል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትነው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያስረዳል።

አንደኛ፣ የተማሪና የመምህር ጥምርታ ከተሳትፎው መጠን ተነጥሎ ሊነበብ አይገባም። በ1983 ዓ.ም. ዋዜማ የታየው ዝቅታ በከፊል የጦርነት ውጤት፣ በ1997 ዓ.ም. የታየው ከፍታ የበሩ መከፈት ውጤት ነበር። ይህ ማስጠንቀቂያ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተለያዩ አካባቢዎች በተከሠቱት ግጭቶች ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ወድመዋልም። በእነዚህ አካባቢዎች ጥምርታው ዝቅ ብሎ ቢገኝ ከመደሰት አስቀድሞ ልጆቹ የት እንዳሉ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ የመምህሩ ጥምርታና የክፍሉ መጠን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በአንድ ትምህርት ቤት መምህራን በበቂ ቁጥር ኖረው ክፍል በማነሱ ልጆች ሊተፋፈጉ ይችላሉ፤ ክፍሉም ኖሮ መምህር ሊጠፋ ይችላል። በዘገባ ሁለቱ ጎን ለጎን ካልቀረቡ የእቅድ አውጪው ገንዘብ በማያስፈልግበት ቦታ ይውላል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ሁለቱም አኀዞች በየክፍል ደረጃው ተለይተው መቅረብ አለባቸው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ወደ 6 ዓመት መልሶታል። 7ኛና 8ኛ ክፍል ከስሌቱ በመውጣታቸው የአንደኛ ደረጃ አማካይ ለታችኛው ክፍል እውነታ ጥቂት ሊቀርብ ይችላል፤ መሸሸጉ ግን ፈጽሞ አይቀርም። ስለዚህ ርእሳነ መምህራንም ሆኑ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች መምህር በሚመድቡበት ጊዜ መጀመሪያ የሚሞላው ቦታ የአንደኛ ክፍል እንዲሆን፣ ለዚያም ልምድ ያለው መምህር እንዲመረጥ ቢደረግ፣ አዲስ መምህር ሳይቀጠርና አዲስ ክፍል ሳይሠራ ሊገኝ የሚችል መሻሻል ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ከላይኛው እርከን ሁለት መምህራን ወደ አንደኛ ክፍል ቢዛወሩ የላይኛው ጥምርታ ከ20 ወደ 25 ከፍ ሲል የአንደኛ ክፍሉ ከ80 ወደ 48 ይወርዳል። ለአምስቱም መምህራን በቂ ክፍል ባይገኝ እንኳ ሁለት መምህራን በአንድ ክፍል ተጋግዘው ሊያስተምሩ ይችላሉ።

የትምህርት መስፋፋት ታሪካችን በአብዛኛው የተጻፈው ስንት ልጆች ገቡ በሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ለመመለስም ብዙ መሥዋዕትነት ተከፍሎበታል። ከዚህ ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ከገቡት ልጆች ውስጥ መምህሩ በዚህ ሳምንት ለብቻው ሲያነብብ የሰማው ስንቱን ነው የሚለው ነው። የኔታ ይህን ቁጥር ያለ መዝገብ ያውቁት ነበር። ዛሬ በእያንዳንዱ የአንደኛ ክፍል መምህር መዝገብ ውስጥ አንድ ዓምድ ተጨምሮ ቢያዝ ቁጥሩን ማወቅ ይቻላል፤ ወጪውም የአንድ እርሳስ ያህል ነው።